የአሜሪካ ታክስ ፋይል ለምታደርጉ አባላት፤ ጁን 15 እየደረሰ ነው

ጤና ይስጥልን ውድ አባላት፤

አዲስ አበባ የምንኖር የአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያለን ሁሉ፣ አገር ቤት ገባን ማለት የአሜሪካ ታክስ ቀረ ማለት አይደለም። ደሞዛችን እስከ ተወሰነ መጠን ከታክስ ነፃ የሚሆነው ፎርሙን ሞልተን ስንልክ ነው። «የምከፍለው የለኝም» ብላችሁ እንዳትተዉት።

ውጭ ለሚኖር ሰው ቀኑ ከኤፕሪል 15 ወደ ጁን 15 በራሱ ይራዘማል። ክፍያ ካለባችሁ ግን ወለዱ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጠራል።

ከቻላችሁ በኢንተርኔት ላኩ። በወረቀት ከሆነ ዋናው የፖስታ ቤቱ ማህተም ነው። አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) የውጭ አገር ፖስታ ቤት ማህተም ይቀበላል። ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ከመጨረሻው ቀን ካላለፈ፣ ፖስታው ዘግይቶ ቢደርስም በጊዜው እንደገባ ይቆጠራል። ስለዚህ ማህተሙ በደንብ መነበቡን እዚያው ቆማችሁ እዩ። ፊርማም አትርሱ። ባልና ሚስት አብራችሁ ከሆነ ሁለታችሁም ፈርሙ። እኔ የባለቤቴን ፊርማ ረስቼ ወረቀቱ ከወራት በኋላ ተመልሶብኛል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ኤፍባርን፣ ማለትም የውጭ ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያውን ፎርም ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሒሳቦቻችሁ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የብር ሒሳብም ይቆጠራል። ለእናታችሁ ብላችሁ የምትፈርሙበት ሒሳብም እንደዚያው። ከታክሱ ጋር አይላክም፤ ለብቻው በኢንተርኔት ይሞላል። የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ አለማሳወቅ ግን ከባድ ቅጣት አለው።

ፎርሙ ያስቸገራችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።