መስኮት ዳር ለወጣት ነው

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ እትማችሁ በቢዝነስ ክላስ ረጅም በረራ ለሚጓዙ ሰዎች «ፊተኛውን ረድፍ፣ መስኮት ዳር ያዙ» የሚለውን ምክር ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው ወጣት መሆን አለበት። እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ እነሣለሁ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በምድር ባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ወደ አዋሽ የሚሄድ መንገደኛ «ጥሩ ቦታ ስጠኝ» ሲለኝ ከበሩም ከመንኮራኩሩም አርቄ ፉርጎው መሀል አስቀምጠው ነበር። አንደኛ ማዕረግም ቢሆን ሽንት ቤት በር ላይ ከተቀመጡበት ምኑ አንደኛ ነው? ይህን የማውቀው ሰውዬ አሜሪካ ያለችው ልጄ ትኬት ስትቆርጥልኝ ሞኝ ሆንኩ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ሄጄ የትኛው መቀመጫ እንደሚሻል ብጠይቅ፣ ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «አባባ፣ ቢዝነስ ሁሉም አንድ ነው» አለችኝ። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ደመናውን እያየህ ና» ብላ መስኮት ዳር መረጠችልኝ።

አውሮፕላኑ ቦይንግ 787 ነበር፤ ወንበሩ በየረድፉ ሁለት ሁለት እየሆነ በሦስት የተደረደረ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ ያለው። በሌሊት ምን ደመና ይታያል? ሲነጋም አልታየም። የ787 መስኮት መጋረጃ የለውም፤ መስታወቱ በቁልፍ ይጠቁራል፤ አስተናጋጆቹ ሰው ይተኛ ብለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጠቆሩት።

ጎረቤቴ ወንበሩን እንደ አልጋ ዘርግቶ ተኛ። መውጫዬ በእግሩ ላይ ነው። ሽርጤን ለብሼ ነበር፤ የድሬ ልጅ ያለ ሽርጥ እንቅልፍ አይወስደውም። በአንድ እጄ ሽርጤን ሰብስቤ፣ በሌላው የወንበሩን ጠርዝ ይዤ፣ የደቻቱን ወንዝ ያለ ድልድይ እንደሚሻገር ሰው ተሻገርኩ። በሦስተኛው ነቃ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ተኛ» አልኩት። እኛ ድሬዎች «አንቱ» አይሆንልንም፤ እርሱ ግን የለመደው ሳይሆን አልቀረም፣ ገላመጠኝ።

ከአሜሪካ ስመለስ መሀል ካሉት ጥንድ ወንበሮች አንዱን ስጡኝ አልኩ። በዚህ ዓይነት አደራደር መሀል የሚቀመጡት ሁለቱም የየራሳቸው መተላለፊያ ስላላቸው ማንም ማንንም አይሻገርም። ወንበሩ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሆኖ ከተደረደረ ግን መስኮት ዳር ያለውም በቀጥታ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የጸሐፊያችሁን ምክር እቀበላለሁ። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው የአውሮፕላኑ ዓይነትና የወንበሩ አደራደር ነው። አውሮፕላን ሊቀየርም ስለሚችል በዋዜማው ደግሞ ማረጋገጥ ነው።

ፊተኛው ረድፍ ለእግር ሰፋ ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሕፃናት አልጋ የሚሰቀለው ብዙ ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ነው። ምግብ ማዘጋጃው አጠገብ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መብራትና የሳህን ኳኳታ አለ። መናወጥ የሚፈራ ወደ ክንፉ ይጠጋ።

ከፍታ ለሚፈሩ የሐረር ዘመዶቼም አንድ ነገር ልበል። የ787 የውስጥ አየር ግፊት ቢበዛ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ሐረር ማለት ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ይበልጣል። የአየሩ ድርቀት ግን ሌላ ነው፤ ውኃ ጠጡ።

ልጄ ገና ስደርስ ስለ ደመናው ጠየቀችኝ። አየሁ አልኳት። ጋዜጣችሁ አሜሪካ እንደማይደርስ ተስፋ አደርጋለሁ።

የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ