ናሙናው ከመድኃኒቱ ይቅደም

ለአዘጋጁ፦

ይህ ደብዳቤ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በተመለከተ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ይመለከታል። ጽሑፉ ጥፋቱን በታካሚው ላይ ብቻ ጥሏል፤ የናሙና አወሳሰድ ግን ሳይነሳ ቀርቷል።

አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ የተወሰደ ደም ወይም ሽንት በካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አብቅሎ በሚለየው ምርመራ) ላይ ምንም ላያበቅል ይችላል፤ ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ እያለም መድኃኒቱ እድገቱን ይገታዋልና። ሐኪሙም «አልበቀለም» የሚል ውጤት ይዞ በግምት ለማዘዝ ይገደዳል። እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ናሙናውን አስቀድሞ መውሰድ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ካልቸሩና ባክቴሪያው በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚያሳየው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃሉ። በጠና የታመመ ሰው ይህን ያህል መጠበቅ የለበትም። ሆኖም ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የግራም ቀለም ምርመራ፣ ባክቴሪያው ቀለሙን ይዞ ከሚቆየው ወገን (ግራም ፖዘቲቭ) ይሁን ከማይዘው (ግራም ኔጌቲቭ) በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚለይ የመጀመሪያውን ምርጫ ያጠብበዋል።

ስለዚህ በላቦራቶሪ መጠየቂያ ቅጽ ላይ «አንቲባዮቲክ ተጀምሯል? መቼ?» የሚል መስመር ይጨመር። የካልቸር ውጤት በደረሰበት ቀንም ሐኪሙ ማዘዣውን ከልሶ፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚያጠቃውን መድኃኒት ለተገኘው ባክቴሪያ በሚበቃው ይተካ።

አንድ አንባቢ