እምቢ ያለው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ «ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጄሊየን» ስለተባለው የጃፓን አኒሜ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ላመስግን። ስለ አኒሜ በአማርኛ ቁም ነገር ተጽፎ ማየት ለኔ ትልቅ ደስታ ነው። ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አንደኛው ስህተት ነው። ቶጂ የተባለው ልጅ ሞተ ብላችኋል፤ በቴሌቪዥኑ ታሪክ ቶጂ አይሞትም። ሁለተኛው፣ የታሪኩ መዞሪያ ክፍል 19 ነው ማለታችሁ ነው። እኔ በፍጹም አልስማማም። መዞሪያው ክፍል 18 ነው፣ እሱን ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፋችሁት። ገና ሊያይ ያሰበ አንባቢ ካለ ታሪኩን ስለምናገር እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ተከታታዩ በጃፓን ከኦክቶበር 1995 እስከ ማርች 1996 እ.ኤ.አ. የታየ ሲሆን 26 ክፍል አለው። ዳይሬክተሩ ሂዴአኪ አኖ ነው። «መልአክ» የሚባሉ ግዙፍ ፍጡራን ከተማውን ያጠቃሉ፣ እነሱን የሚገጥሙት ደግሞ ኢቫ የሚባሉ ግዙፍ አካላት ናቸው። ኢቫን የሚያንቀሳቅሱት የ14 ዓመት ልጆች ናቸው። ዋናው ልጅ ሺንጂ ይባላል። አባቱ ጌንዶ ኢቫዎቹን የሚያዘው ድርጅት አለቃ ነው፤ ልጁን ለዓመታት ጥሎት ኖሮ ድንገት ያስጠራውም ለዚሁ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቶጂ ልምጣ። ቶጂ የሺንጂ የክፍል ጓደኛ ነው። የተዋወቁት በቡጢ ነው። በመጀመሪያው ውጊያ የቶጂ ታናሽ እህት ተጎድታ ሆስፒታል ገባች፣ እሱም ሺንጂን ትምህርት ቤት ውስጥ ጠብቆ መታው። ቆይቶ ተጸጸተና አንተም ምታኝ አለው። ከዚያ ወዲያ ጓደኛ ሆኑ። ክፍል 17 ላይ አራተኛው አብራሪ ሆኖ የተመረጠው ይሄው ልጅ ነው። ክብር ፈልጎ አይደለም የተስማማው። እህቴን ወደ ተሻለ ሆስፒታል አዛውሩልኝ ብሎ ነው። በዚያው ሰሞን የክፍላቸው አለቃ ሂካሪ ምሳ ልሥራልህ ትለዋለች፣ እሱም እሺ ይላታል። ለኔ የዚያ ክፍል ልብ የሚሰብረው ነገር ይሄ ምሳ ነው። ገና ሳይበላ ነው ወደ ሙከራው የሚሄደው።

ሙከራው ላይ ሦስተኛዋን ኢቫ መልአክ ይይዛታል። ልጁ ውስጧ እንዳለ ማለት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በእርሻው መሃል ብቻዋን እየተራመደች ትመጣለች። ከሺንጂ ጋር አብራሪ ከሆኑት ሁለት ልጃገረዶች አንዷ አሱካ ወዲያው ትሸነፋለች። የሌላኛዋ የሬይ ኢቫ ክንድ ሲበከል ጌንዶ ቁረጡት ብሎ ያዛል፤ የነርቩ ግንኙነት ገና አልተቋረጠም ይሉታል፣ እሱ ግን አይሰማም፣ ልጅቷ ሕመሙን በገዛ ክንዷ ትቀምሰዋለች። ሺንጂ ብቻ ይቀራል። አንገቱን ታንቆ እንኳ አልመታም ይላል። ውስጧ ሰው አለ፣ ሰው ከምገድል እኔ ብሞት ይሻለኛል ይላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሺንጂ በተያዘችው ኢቫ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም! አሱካ ታውቃለች፣ ሬይ ታውቃለች፣ አለቃው ሚሳቶ ልትነግረው ፈልጋ ሳይሆንላት ቀርቷል። እሱ ብቻ ነው ያልሰማው። እምቢ ያለው ለጓደኛው ብሎ ሳይሆን ለማንም ሰው ብሎ ነው። ያ ፈሪና ሁሌ እሺ ባይ የነበረ ልጅ በሕይወቱ ትልቁን ነገር ያደረገው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

አባትየውስ ምን አደረገ? አልለመነውም። ብዙም አልተቆጣውም። በልጁና በኢቫ መካከል ያለውን ግንኙነት አስቋርጦ ዳሚ ሲስተም የሚባለውን፣ ያለ አብራሪው ፈቃድ የሚሠራውን ነገር አስጀመረ። ልጁ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እጁ መቆጣጠሪያው ላይ እንዳለ፣ የሱ ኢቫ የቶጂን ኢቫ ትበጫጭቃት ጀመር። ልጁ መቆጣጠሪያውን እየጎተተ አቁሙ አቁሙ ብሎ ይጮኻል፣ ማንም አይሰማውም፣ በመጨረሻም ቶጂ የተቀመጠባት የአብራሪ ካቢን በሺንጂ ኢቫ መዳፍ ውስጥ ትደቃለች።

መዞሪያው ይሄ ነው። ክፍል 1ን አስታውሱ። ያኔም ሺንጂ አልገባም ብሎ ነበር። ያኔ የቆሰለችውን ሬይን በአልጋ እየገፉ አምጥተው አሳዩት፣ አሳዘነችው፣ ገባ። ያ ጭካኔ ነው፣ ግን ቢያንስ ፈቃዱን ፈልገውታል። ከዚያ ጀምሮ 17 ክፍል ሙሉ አንተ ብቻ ነህ የምትችለው እየተባለ ኖረ፣ እኛም ተመልካቾቹ አብረነው አመንን። ክፍል 18 ላይ ፈቃዱ እንደማያስፈልጋቸው ታወቀ። የሚፈልጉት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አካል ነው። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹን ሰዎች በድሮው ዓይን ማየት አልቻልኩም፣ ሚሳቶን እንኳ፣ የምወዳትን።

ይሄን ክፍል ያየሁት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። እሱም 14 ዓመቱ ነው። ሺንጂ አልመታም ሲል «ጎበዝ!» ብሎ ከሶፋው ተነሳ። ዳሚው ሲጀምር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሲያልቅ «ጋሼ፣ እሱ እኮ እምቢ ብሏል» አለኝ። ደጋግሞ ይሄንኑ ነው ያለው። እኔም መልስ አልነበረኝም፣ ዝም ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። ሙሉው ተከታታይ ለዕድሜው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ብቻውን እንዲያየውም አልፈቅድም ነበር። ወላጆችም ካርቱን ነው ብላችሁ ልጆቻችሁን ጥላችሁ አትሂዱ፣ አብራችሁ ተቀመጡ።

ክፍል 19ን አላጣጥልም። ሺንጂ መጀመሪያ ተናዶ የድርጅቱን ዋና መሥሪያ ቤት አፈርሳለሁ ይላል፣ ከዚያ ትቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ የኢቫ አብራሪ እኔ ነኝ ይላል። ያን ቦታ ባየሁ ቁጥር ሰውነቴን ይነዝረኛል። ግን ያ ቃል ክብደት ያገኘው ቀደም ብለው እጁን የቀሙት ሰዎች ዘንድ መመለሱን ስለምናውቅ ነው። 18 ባይኖር 19 የተለመደው የጀግና መመለስ ይሆን ነበር።

የቶጂን ነገር ላጥራ። በቴሌቪዥኑ ይተርፋል፣ እግሩን ግን ያጣል። የሚሞተው ዮሺዩኪ ሳዳሞቶ በሣለው ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል በተተረከው መጽሐፍ ላይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ደግሞ በሱ ቦታ የገባችው አሱካ ናት። ምናልባት ያምታታችሁ ይሄ ይሆናል። እኔ የማስበልጠው የቴሌቪዥኑን ነው። አሱካ ለዚህ ሥራ የሠለጠነች ናት፣ ቶጂ ግን ለእህቱ ብሎ የገባ ተራ ተማሪ ነው። መትረፉም ለሺንጂ ቀላል አያደርገውም፣ ጓደኛውን ከተሰባበረው ብረት ውስጥ ሲያወጡት በዓይኑ አይቷል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም የቶጂን ስህተት አርሙ። ስለ ክፍል 18 ዳግም የምትጽፉ ከሆነም ከውጊያው አትጀምሩ። ከሂካሪ ምሳ ጀምሩ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ