የጠየቅነው አጥር ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፣ ሰፈሬ ታቦር ተራራ አካባቢ ነው። የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። ሳቁ፣ ግን ገጹን አትግለጡት።

ቦቢ የሚባል የሐበሻ ውሻ አለኝ። እንደ አብዛኛው የከተማችን ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ግቢው ደግሞ ሦስት ተከራይ፣ ሁለት ባጃጅና የልብስ ማስጫ ሽቦ ችሎ የቆመ ግቢ ስለሆነ "ይፈታል" ማለት ዞሮ ይተኛል ማለት ነው። ሰንሰለቱ የሚደርስበት ድረስ ሣር የሚባል የለም፣ አፈሩ በእግሩ ተደልድሎ ክብ ሆኖ ጠጥሯል። ቦቢ ቀኑን ሙሉ የሚያውቀው ያንን ክብ ነው።

አንጀቴ አልችል ሲለኝ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ተራራው ግርጌ እየወሰድኩ እፈታው ጀመር። ደስታውን ብታዩት! አንድ ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ወደሚመለሱ እናት ሮጠ። ሊጫወት ነው፣ ጅራቱን እየቆላ። እሳቸው በምን ይወቁ? ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሲሉ ቦይ ውስጥ ወደቁ፣ ክርናቸው ተላጠ። ሮጬ አነሳኋቸውና "ይቅርታ እማማ፣ አይናከስም እኮ" አልኩ።

"እሱ መቼ ነግሮኝ ልጄ?" አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ከዚያ ቀን ወዲህ ቦቢን ሜዳ ላይ ፈትቼው አላውቅም።

ለካ በዚህ ነገር የተቸገርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በየሰፈሩ ያለን ባለ ውሾች አንድ በአንድ ተዋወቅን፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፣ እሑድ እሑድ ቡና ላይ እየተገናኘን ማመልከቻ ጻፍን። ጥያቄያችን አጭር ነው፦ የታጠረ አንድ ቦታ፣ ውሻ ያለ ገመድ የሚሮጥበት። ማመልከቻውን ይዘን አንድ ቢሮ ስንገባ የተቀበሉን ሰው ሳቁና "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዛሬ ለእናንተ ብንሰጥ ነገ ባለ ጋሪዎቹ ለፈረሳቸው ይመጣሉ" አሉን። ይምጡ እንጂ! የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር ሣር ሲለቅም ማየቱ ለከተማው ያምራል እንዴ?

"ልጆች ኳስ መጫወቻ አጥተው ለውሻ?" የሚለውን ግን አልስቅበትም፣ ልክ ነው። ሜዳ ቀሙልን አላልንም። ቦታ ከሌለ ሰዓት ይሰጠን። ኒው ዮርክ ውስጥ በተመረጡ ፓርኮች ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ውሻ መፍታት ይፈቀዳል፣ በሌላው ሰዓት ገመድ ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ ደግሞ ኦሎኒ የሚባለው የውሾች ፓርክ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች መግቢያቸው ብዙ ጊዜ ሁለት በር ነው። አንደኛውን ገብተህ ትዘጋለህ፣ መሐል ላይ ገመዱን ትፈታለህ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትከፍታለህ። አምልጦ የሚወጣ የለም። አንድ ጎበዝ በያጅ የማይሠራው ነገር አይደለም፣ የሽቦውንም ወጪ እኛው እናዋጣለን።

ሐይቁ ዳር ይሁን ያለ ከመሐላችንም አለ። እኔ ግን ተቃውሜያለሁ። አሞራ ገደል ጠዋት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳው ከሰው እግር ሥር ቆሞ አንጀት ይጠብቃል። ቦቢን እዚያ መልቀቅ ዓሣ አጥማጁንም ወፉንም መበደል ነው።

ዋናው የሰው ፍርሃት ግን ንክሻ ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ቢፈራ አይገርምም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል ይላል። ታዲያ ያ በር ለከተማውም ይጠቅመዋል እኮ። የክትባት ካርድ የሌለው አይገባም ቢባል፣ ዛሬ ነገ እያለ ውሻውን ሳያስከትብ ዓመት ያለፈው ሁሉ (እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ልደብቅ አልችልም) ለሩጫው ሲል ያስከትባል። ኩሱን በፌስታል የማያነሳ ደግሞ ይባረራል፣ በዚህ ተስማምተናል።

እማማን አሁንም በየጠዋቱ አገኛቸዋለሁ። ክርናቸው ድኗል። ሰላም ስላቸው መጀመሪያ ከኋላዬ ያያሉ፣ ከዚያ "ያ ውሻህስ?" ይሉኛል።

"ታስሯል እማማ" እላለሁ።

አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ