ልጅህ ሰፕላይ ቼይን ልትማር ነው አሉኝ

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ ዳር

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን በምክንያት ላስተባብል አልሞክርም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ያስጻፈኝ አንድ ወሬ ነው፦ ልጅህ የአንደኛ ዓመቱን የጋራ ኮርስ ጨርሳ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት (የዕቃ ግዥ፣ ማጓጓዝና ክምችት አስተዳደር) ልትመርጥ ነው፣ አንተም «ይሄ የመኪና ስምሪት አይደል እንዴ?» ብለህ ቅር ብሎሃል አሉ።

ስምሪት አንዱ ቁራጭ ነው። ትምህርቱ ባጭሩ ስለ መጠበቅ ነው፤ ዕቃ የቆመበት፣ ገንዘብ የታሰረበት፣ ሰነድ ያልደረሰበት እያንዳንዱ ቀን ስንት ብር እንደሚበላ ማወቅ። ከጅቡቲ እዚህ ድረስ በመኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ የሚፈጀው ቀናት ነው። ወራቱን የሚበላው ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ አደራ የምልህ ስታቲስቲክስን እንዳትንቅ ነው። ብዙ ተማሪ «ቢዝነስ ነው» ብሎ ይገባና ቁጥሩን ለማለፊያ ብቻ ያጠናዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የመጠባበቂያ ክምችት፣ ሴፍቲ ስቶክ የሚሉት፣ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ በቀላሉ ቀመር ነው የሚሰጠው፦ 1.65 ሲባዛ በቀን ሽያጩ መዋዠቅ፣ ሲባዛ በመጠበቂያው ቀናት ስኩዌር ሩት። 1.65 የተመረጠው ከ100 የትዕዛዝ ዙር በ95ቱ ዕቃው ሳያልቅ አዲሱ እንዲደርስ ነው። እንግዲህ አንድ አስመጪ በቀን 20 ካርቶን ይሸጣል እንበል፤ የሽያጩ መዋዠቅ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት፣ 5 ነው፤ ዕቃው በአማካይ በ64 ቀን ይደርሳል። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው። 1.65 በ5፣ በ8፦ 66 ካርቶን።

ቆንጆ ነው፤ ግን 64ቱን ቀን ንቅንቅ የማይል አድርጎ ቆጥሮታል። እኛ ጋ አንዱ ጭነት በ50 ቀን፣ ሌላው በ80 ይገባል። የመድረሻው መዋዠቅ 15 ቀን ከሆነ ሙሉውን ቀመር ነው መጠቀም ያለባት። የመጀመሪያው ክፍል የመጠበቂያው ቀናት በሽያጩ መዋዠቅ ካሬ፣ 64 በ25፣ ማለትም 1,600 ነው። ሁለተኛው የቀን ሽያጩ ካሬ በመድረሻው መዋዠቅ ካሬ፣ የ20 ካሬ በ15 ካሬ፣ ማለትም 400 በ225፣ 90,000። ድምሩ 91,600፣ ስኩዌር ሩቱ 303 ገደማ፤ በ1.65 ሲባዛ 500 ካርቶን። 66 የነበረው 500 ሆነ! ከ91,600ው ውስጥ የሽያጩ መዋዠቅ ድርሻ 1,600 ብቻ መሆኑን አስተውል። ይህ አስመጪ የገበያ ትንበያውን ለማሳመር የሚያወጣው ገንዘብ አይመለስለትም፤ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣለትን ትራንዚተሩንና የባንክ ሰነዱን ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ሌላው ስህተት ቀኑን ከየት መቁጠር እንደሚጀመር ነው። መርከቡ ከተነሳበት ቀን የሚቆጥር ሞልቷል። ቆጠራው መጀመር ያለበት «ዕቃ ያስፈልገናል» ከተባለበት ዕለት ነው፤ ፕሮፎርማው፣ የውጭ ምንዛሬ ጥበቃው፣ የኤልሲ (ባንክ በሰነድ ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ዋስትና) መክፈቻው፣ የፋብሪካው ምርት፣ ባሕሩ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ፣ ሁሉም ገብቶ።

መጽሐፉ የማይነግራት ደግሞ የኛ የዘመን አቆጣጠር ነገር አለ። የወር ሽያጭ በኛ ወር ከተመዘገበ ጳጉሜን በ5 ቀኗ (በአራት ዓመት አንዴ በ6) እንደ ሙሉ ወር ትገባና ትንበያውን ታበላሸዋለች። ወይ ከነሐሴ ጋር ማዳመር ነው፣ ወይ ሁሉንም ወደ ቀን አማካይ መለወጥ። ዐቢይ ጾምም እንዲሁ፤ መግቢያው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዋልላል፣ ርዝመቱ 55 ቀን። የቅቤና የእንቁላል ሽያጭ ወርዶ ዘይት ሲወጣ፣ «የመጋቢት ኢንዴክስ» (የወሩ የተለመደ የሽያጭ ልክ) እያሉ አምና ላይ መደገፍ ያሳስታል። ጾሙን ለብቻው ምልክት አድርጋ ትያዘው።

የቡሄ ጅራፍ ታስታውሳለህ? እጅ ትንሽ ሲወዛወዝ ጫፉ ነው የሚጮኸው። በዚህ ትምህርት ቡልዊፕ የሚሉት ያው እሱ ነው። ሰፈር ሱቅ ላይ ዘይት በጥቂቱ ሲፈለግ ባለሱቁ ለጥንቃቄ ጨምሮ ያዛል፣ አከፋፋዩ በዚያ ላይ ይጨምራል፣ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ጎርፍ ይሆናል። ኤምአይቲ ውስጥ የተፈለሰፈ «የቢራ ጨዋታ» አለ፤ ለልጆቹ ቤት ውስጥ በሽንብራ አጫውታቸው። አራት ሰው ይቀመጣል፦ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይ፣ ፋብሪካ። መነጋገር ክልክል ነው፤ ትዕዛዝ በብጣሽ ወረቀት ብቻ ይተላለፋል፤ ዕቃ ለመድረስ 2 ሳምንት ይፈጃል። የደንበኛው ፍላጎት ለ4 ሳምንት 4፣ 4 እያለ ይሄድና ከ5ኛው ጀምሮ 8 ሆኖ እዚያው ይቀራል። ያ ብቻ ነው የሚለወጠው። ፋብሪካው ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን አንድ ሰሞን ሽንብራ ያጣል፣ ቀጥሎ ይቀበርበታል፣ ጥፋተኛ ፍለጋም ይጀመራል።

ሰነድን በተመለከተ ኢንኮተርምስ 2020 (ሻጭና ገዢ ወጪና ኃላፊነት የሚካፈሉበት ዓለም አቀፍ ደንብ) ውስጥ ያሉትን 11 ቃላት ትሸምድድ፤ ግን አንዱን በደንብ ትረዳው። ሲአይኤፍ ሲባል ሻጩ እስከ መድረሻው ወደብ ኪራዩንና መድኑን ይከፍላል፤ የጉዳቱ ኃላፊነት ግን ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ ሲወጣ ወደ ገዢው ያልፋል። ፈተና ላይ ብዙው የሚወድቀው፣ ሥራ ላይም ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ኤልሲ ላይ ደግሞ ባንክ የሚያየው ወረቀት እንጂ ዕቃ አይደለም። የማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ ያለው ክብደት ከቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከቡ የጭነት ሰነድ) ከተለየ ሰነዱ ጉድለት አለበት ይባላል፤ ምልልሱ እስኪያልቅ ኮንቴይነሩ ቆሞ ዲመሬጅ (የመዘግየት ቅጣት) ይቆጥራል።

የማዘዣና የማከማቻ ወጪ ድምርን ትንሹ የሚያደርገው የትዕዛዝ መጠን ቀመር፣ ኢኦኪው፣ ብዙ አያስጨንቃት። ስሌቱ 600 ካርቶን ብሎ ኮንቴይነሩ 780 የሚይዝ ከሆነ 780 ማዘዝ የማዘዣና የማከማቻ ወጪውን ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ባዶ ቦታ እየከፈሉ ማስመጣት ይብሳል።

ግዥን መጽሐፍ ብቻ አያስተምርም። ሦስት ፕሮፎርማ ሲቀርብላት ዋጋውን ከማየቷ በፊት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ታስቀምጣቸው። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካለ ከአንድ ኮምፒውተር ነው የወጡት፤ ውድድር የለም። ንብረት ክፍልም ልምምድ ስትወጣ ሞዴል 19ንና (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሞዴል 22ን (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ከቢን ካርዱ (የየዕቃው የክምችት መዝገብ) ጋር ማመሳከር ትልመድ። ልዩነት ካለ ብዙ ጊዜ ሌብነት አይደለም፤ ዕቃው ወጥቶ ሞዴል 22 «ነገ ይቆረጣል» ተብሎ ነው።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍ አንድ ቅሬታ አለኝ። አምስት ምርጫ ያለው መጠይቅ ለመቶ ሰው በትኖ «እስማማለሁ» ያለውን በመቶኛ ማውጣት ጥናት አይባልም። የአንድ መጋዘን የ12 ወር ቢን ካርድ አግኝታ፣ ዕቃ ያለቀባቸውን ቀናት ቆጥራ፣ የእያንዳንዱን ምክንያት ብትለይ፣ አስቀጣሪዋ ያ ጽሑፍ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤት አለሁ። የዲፓርትመንቱን የኮርስ ዝርዝርና ካልኩሌተሯን ይዛ ትምጣ፤ ኮስት አካውንቲንግ ስንት ክሬዲት እንደተሰጠው ማየት እፈልጋለሁ። ለእማማ ሰላም በልልኝ።

ያንተው