ፈርነስ ቤት ማሞቅ ሲያቆም፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኛችን፣

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኙ ደንበኞቻችን ሁሉ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ፣ ብርዱ ጠንከር ማለት ሲጀምር ስለ ፈርነስ፣ ማለትም በጋዝ ስለሚሠራው የቤት ማሞቂያ፣ በስልክ ደጋግሞ የሚደርሰንን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ለመመለስ ነው። ጥያቄው «ማታ ደህና ሲሠራ ያደረ ፈርነስ ጠዋት ስንነሣ ቤቱን አያሞቅም፤ ተበላሸ ማለት ነው?» የሚል ነው። መልሳችን ብዙውን ጊዜ «አልተበላሸም፤ አንድ ነገር ስላልተመቸው ራሱን አቁሞ ነው» የሚል ይሆናል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ መስሎ ሊታይ ቢችልም፣ ራሱን ያቆመን ፈርነስ በግድ ለማስነሣት መሞከር ለኪስም ለቤተሰብ ደኅንነትም ጉዳት ስላለው ጉዳዩን ዘርዘር አድርጎ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሁሉ በፊት ግን ምንም ምርመራ ሳያደርጉ ቤቱን ለቀው መውጣት ያለብዎ ሁለት ጊዜያት እንዳሉ እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። አንደኛው የጋዝ ሽታ ሲኖር ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ የገማ እንቁላል የሚመስለው ጠረን ጋዙ ቢያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ይህ ሽታ ከመጣ መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም፣ ቤት ውስጥ ሆነው ስልክ ሳይደውሉ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ይዘው ይውጡና ከውጭ ሆነው ወደ 911 ወይም ወደ ጋዝ ኩባንያዎ የአደጋ ጊዜ መስመር ይደውሉ። ሁለተኛው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሲጮህ፣ ወይም ማንቂያው ባይጮህም እንኳ የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ይዞት ወደ ውጭ ሲወጣ የሚሻለው ከሆነ ነው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በነዚህ ሁለት ጊዜያት ለእኛ የሚደረግ ጥሪ ሁለተኛ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ፈርነሱ አሠራር እንምጣ። ጋዝ የሚያቃጥል መሣሪያ በመሆኑ፣ አንዱ ሥራ መከናወኑ ሳይረጋገጥ ቀጣዩን እንዳይጀምር ተደርጎ የተሠራ ነው። የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሙቀት ሲጠይቅ በቀጭን ሽቦ አማካይነት 24 ቮልት ወደ ፈርነሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ ይደርሳል። ቦርዱ ጋዙን ወዲያው አይከፍትም፤ በመጀመሪያ የተቃጠለውን ጭስ ወደ ውጭ የሚገፋውን ትንሽ ሞተር ያስነሣል። ሞተሩ በትክክል እየሳበ መሆኑን ፕሬዠር ስዊች የተባለው ክፍል ሲያረጋግጥ እሳቱን የሚለኩሰው ኢግናይተር ፍም እስኪመስል ድረስ ይግላል፤ ከዚያ የጋዝ ቫልቩ ይከፈትና እሳቱ ይያያዛል። እሳቱ መያያዙን የምትመሰክረው በነበልባሉ ውስጥ የተቀመጠች ቀጭን ዘንግ፣ ፍሌም ሴንሰር፣ ናት። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ትልቁ ብሎወር ተነሥቶ የሞቀውን አየር ወደ ክፍሎቹ ይበትናል። ስለዚህ ፈርነሱ ሲያቆም ዋናው ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» ሳይሆን «የቱ ላይ ደርሶ ቆመ?» የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም መሣሪያ ሳይዙ አጠገቡ ቆመው በማዳመጥ ሊያውቁት ይችላሉ።

ቴርሞስታቱን ከክፍሉ ሙቀት በአምስት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገው ለጥቂት ደቂቃዎች ሲጠብቁ ፈርነሱ ጭራሽ ድምፅ ካላሰማ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከትእዛዙ ወይም ከኤሌክትሪኩ ነው። ቴርሞስታቱ ከማቀዝቀዣ ወደ ማሞቂያ መዞሩን፣ ባትሪ ያለውም ከሆነ ባትሪው አለመድከሙን ይመልከቱ። የስክሪኑ መጥፋት ግን ሁልጊዜ የቴርሞስታት ችግር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ቴርሞስታቶች ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከራሱ ከፈርነሱ በመሆኑ ፈርነሱ ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። ቀጥሎ ብሬከሩን (በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ማቋረጫ)፣ ከዚያም ፈርነሱ አጠገብ ወይም ወደ ቤዝመንት በሚያወርደው ደረጃ ላይ ያለውን ስዊች ይፈትሹ። ይህ ስዊች ተራ የመብራት ማብሪያ ስለሚመስል ቤዝመንት ዕቃ ሊያወጣ የወረደ እንግዳ ወይም ልጅ መብራት የሚያጠፋ መስሎት ያጠፋዋል፤ ለዚህ ጥሪ ቴክኒሻን መላክ እኛንም ያሳቅቀናል። በመጨረሻም የፈርነሱ ክዳን በቦታው ጥብቅ ብሎ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ከክዳኑ በስተጀርባ ያለች ትንሽ ስዊች ክዳኑ ተጭኖ ካልያዛት መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ታጠፋዋለች። ብዙ ጊዜ ይህ የሚገጥመው ፊልተር፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው፣ በተቀየረ ማግስት ነው።

ብሎወሩ እየሠራ የሚወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ከሆነ፣ አስቀድመው በቴርሞስታቱ ላይ የፋኑ (የብሎወሩ) ምርጫ «ኦን» ሳይሆን «አውቶ» ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ «ኦን» ላይ ከሆነ እሳት በሌለበት ሰዓትም አየር ይነፍሳልና። እሱ ትክክል ከሆነ ወደ ፊልተሩ ይሂዱ፤ ስለ ፊልተር ደግሞ ትንሽ መቆየት ይኖርብናል።

በፊልተሩ በኩል በቂ አየር ካላለፈ እሳቱ ያለበት ክፍል ከልክ በላይ ይግላል፤ በዚህ ጊዜ ሊሚት ስዊች የተባለው መቆጣጠሪያ እሳቱን አጥፍቶ ብሎወሩ ብቻውን እንዲነፍስ ያደርጋል። ሲበርድ እንደገና ይለኮሳል፤ ትንሽ ሠርቶ መልሶ ይጠፋል። ከላይ ላለ ሰው ፈርነሱ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ይመስለዋል፣ ቤቱ ግን አይሞቅም። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ፊልተር በየወሩ ታይቶ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት ይባላል። በእኛ ቤቶች ግን ሦስት ወር ቆይቶ ያልተደፈነ ፊልተር አግኝተን አናውቅም ማለት ይቀላል። ቡና በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጤስበት፣ ቁሌት ለረጅም ሰዓት በሚቁላላበት ቤት ጭሱና የቅባት እንፋሎቱ አየር መሳቢያውን አልፎ ፊልተሩ ላይ ይጣበቃል፤ አቧራው ደግሞ በላዩ ይደረባል። ከደንበኞቻችን ቤት የምናወጣቸው ፊልተሮች ብዙ ጊዜ ግራጫ ሳይሆኑ ቡናማ ናቸው፤ በጣት ሲነኩም ያዝ ያደርጋሉ። ዕጣኑንና ቡናውን ተዉ የምንል ሰዎች አይደለንም፤ በየወሩ እንዲያዩት፣ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ሳይውል ሳያድር እንዲቀይሩት ብቻ እንጠይቃለን። ሲያስገቡት ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፈርነሱ ማመልከት አለበት። በጣም ጥቅጥቅ ያለውን ውድ ፊልተር መግዛት ይበልጣል የሚል አስተሳሰብም አለ፤ ለአሮጌ ፈርነስ ግን ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር አዲስ ሆኖ ሳለ እንኳ እንደ ቆሸሸ ሊያፍነው ይችላል። ማንም የማያድርባቸውን ክፍሎች የአየር መውጫ በብዛት መዝጋትም የሚያስከትለው ችግር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

ትንሹ ሞተር ሲነሣ ተሰምቶ እሳት የማይለኮስ ከሆነ ደግሞ የጭስ መውጫው ላይ መጠርጠር ያስፈልጋል። ከ90 በመቶ በላይ ብቃት ያላቸው ፈርነሶች ጭሳቸውን በነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳ በኩል ያስወጣሉ፤ በታውንሃውሶች ይህ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ጀርባ ለመሬት ቀረብ ብሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በቨርጂኒያው ዳለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ከ29 ኢንች በላይ በረዶ ሲወርድ እንደታየው፣ ነፋስ የቆለለው በረዶ ይህን አፍ ሙሉ በሙሉ ሊደፍነው ይችላል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ ቅጠል፣ በሙቀቱ ወራት የወፍ ጎጆ ይገባበታል። በረዶ በጣለ ቁጥር መኪናውን ከመጥረግ በፊት ቧንቧው ዙሪያ ያለውን በረዶ በእጅ ወይም በመጥረጊያ ማንሣት ይገባል፤ ቧንቧው ስለሚሰበር አካፋ አይጠቀሙ። እነዚሁ ፈርነሶች ሲሠሩ ውሃ ስለሚያንጠባጥቡ የውሃ ማስወገጃው ቱቦ ሲዘጋ፣ ወይም አጠገቡ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ከሶኬት ተነቅላ ሲገኝ፣ ፈርነሱ በተመሳሳይ መንገድ ይቆማል። ወለሉ ላይ ውሃ ካዩ ይንገሩን።

እሳቱ ከተያያዘ በኋላ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ «ጭው» ብሎ ከጠፋ፣ እንደገና ተለኩሶም እንደገና ከጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የፍሌም ሴንሰሩ መቆሸሽ ነው። ዘንጓ በነበልባሉ ውስጥ የምታሳልፈው የኤሌክትሪክ መጠን በማይክሮአምፕ የሚለካ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በላይዋ የሚያርፈው ስስ ሽፋን እንኳ ይጋርዳታል። በዚህ ጊዜ እሳት እያለ ቦርዱ «እሳት የለም» ብሎ ጋዙን ይዘጋል። ሥራው ዘንጓን ነቅሎ በስሱ ማጽዳት ሲሆን ለባለሙያ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሆኖም ጎን ለጎን ያለው ኢግናይተር በቀላሉ ስለሚሰነጠቅና በእጅ ወዝ ስለሚጎዳ፣ ካቻቢቴ ይዘው እንዲገቡበት አንመክርም።

ፈርነሱ የተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ራሱን ይቆልፋል፤ አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይተው በራሳቸው እንደገና ይሞክራሉ። ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ማብራት ቁልፉን ወዲያው ይፈታዋል፤ አንድ ጊዜ ማድረጉም ጉዳት የለውም። ነገር ግን በየሃያ ደቂቃው እየወረዱ ብሬከሩን ማጥፋትና ማብራት፣ ፈርነሱ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ አፉን ይዞ ዝም ማሰኘት ነው። ኤሌክትሪኩን ከማጥፋትዎ በፊት ክዳኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል የምትበራውን መብራት ይመልከቱ፤ ስንት ጊዜ ብልጭ ብላ እንደምታርፍ ቆጥረው ይጻፉት፣ ወይም በስልክዎ ቪዲዮ ያንሡት። ኤሌክትሪኩ አንዴ ከጠፋ በብዙ ሞዴሎች ይህ ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ እኛም ምክንያቱን ከዜሮ መፈለግ ይኖርብናል።

ከዚህ በላይ አጥብቀን የምንናገረው የፈርነሱን የደኅንነት ስዊቾች በሽቦ አገናኝቶ ስለማለፍ ነው። «አንድ ወዳጄ ሽቦዋን አገናኝቶ አስነሣልኝ» የሚል ቃል ስንሰማ የዚያን ቀን ሌላ ቀጠሮ አስተላልፈንም ቢሆን እንሄዳለን። ፕሬዠር ስዊች የሚከለክለው ጭሱ መውጫ ሲያጣ ነው፤ እሱን ዘሎ እሳት መለኮስ ያንን ጭስ ወደ መኝታ ቤት መላክ ሊሆን ይችላል። በእሳቱ መግቢያ አጠገብ ያለችው ተጭነው የምትመለስ ትንሽ ቁልፍ ወጥታ ካገኟትም አይጫኗት፤ የወጣችው ነበልባሉ ከቦታው ወደ ውጭ ስለተመለሰ ነውና። ሰማያዊ መሆን የሚገባው እሳት ቢጫ ሆኖ ሲወዛወዝ ካዩም ፈርነሱን አጥፍተው ይጥሩን።

ቴክኒሻን እስኪደርስ ድረስ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ብዙ ቤተሰብ ለቡና የሚሆን ከሰል ቤቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በማንኛውም ምክንያት ለሙቀት ብለው ከሰል ቤት ውስጥ አያቀጣጥሉ። አገር ቤት ከሰል አክስሎ ያደረ ቤት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም፤ እዚህ ደግሞ ቤቶቹ ብርድ እንዳይገባ ተብለው ጥብቅ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው አደጋው ይብሳል። የጋዝ ምድጃን ወይም ኦቨንን ከፍቶ መሞቅም እንዲሁ ክልክል ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለዎት በማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት፤ ከአልጋ ልብስና ከመጋረጃ ቢያንስ ሦስት ጫማ ያርቁት፣ ተኝተውም አይተዉት። ብርዱ ከበረዶ ነጥብ በታች ከሆነና ሌሊቱ የሚያልፈው ያለ ሙቀት ከሆነ፣ የማጠቢያ ገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ይክፈቱና ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል ቧንቧውን በጥቂቱ ይክፈቱት።

ሲደውሉልን ፈርነሱ የቱ ላይ ደርሶ እንደቆመ፣ መብራቷ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች፣ ፊልተሩ መቼ እንደተቀየረ፣ የጋዝ ምድጃዎም ይሠራ እንደሆነ ይንገሩን። ምድጃውም ካልሠራ ችግሩ ከፈርነሱ ሳይሆን ወደ ቤቱ ከሚገባው ጋዝ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው የጋዝ ኩባንያውን ያነጋግሩ። ከክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሥተው ቢልኩልን የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዘን ስለምንመጣ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይቀራል። ተከራይ ከሆኑ አስቀድመው ለባለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያለ እሱ ፈቃድ የቤቱን ፈርነስ መክፈት ስለማንችል ፈቃዱ ሲደርሰን ወዲያው እንመጣለን። ሕፃን፣ አራስ፣ አረጋዊ ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ከሆነ ይህን ገና ስልኩን እንዳነሣን ይንገሩን፤ ተራው በዚያው መሠረት ይስተካከላል።

ከአክብሮት ጋር፣

የድርጅቱ ባለቤትና ዋና ቴክኒሻን