ሰኞ ይገባል ተብሎ ስላልገባው ማጽጃ የቀረበ ቅሬታ

ለድረ ገጻችን ሠሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡ የመምህራን ጽሑፎች ማጽጃ በተገባው ቃል መሠረት አለመተከሉን እና በቢሯችሁ የተሰጠኝን መልስ ይመለከታል

የውሉ ዝርዝር፣ የከፈልነው ገንዘብና ድረ ገጹ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ በእጃችሁ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የፕሮጀክት ኃላፊያችሁ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ ስሎ ስለገባልን አንድ ቃል ነው፤ መምህራን ለድረ ገጻችን ከሚልኩት ጽሑፍ አደገኛ ኮድ የሚያስወግድ ማጽጃ ይተከላል የሚል ቃል። ቃሉ አልተፈጸመም። ለምን እንዳልተፈጸመ ስጠይቅ ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ስመላለስ ከረምኩ፤ ስልክ ስደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ኢሜይል ስጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ በአካል ስመጣ በእንግዳ መቀበያችሁ የተነገረኝን እርስዎ ቢሰሙት ደስ እንደማይልዎት አምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው በሠንጠረዦች ነው። መምህራኑ በድረ ገጻችን የሚወጣውን ትምህርታቸውን በማርክዳውን፣ ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች በሚቀርጽ አጻጻፍ፣ ይጽፋሉ። የማርክዳውን ሠንጠረዥ ግን ሁለት ሕዋሶችን አዋሕዶ አንድ ማድረግ አይችልም፤ የግስ እርባታ ደግሞ ያለዚያ በቅጡ አይሰፍርም። «አንደኛ መደብ» የሚለው ርእስ ከነጠላውና ከብዙው ዓምድ በላይ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ መምህራኑ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በቀጥታ በኤችቲኤምኤል፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት ኮድ፣ ይጽፉታል፤ ይህንንም ሥራው ሳይጀመር ነግረናችሁ ነበር። በገጹ ላይ የወጣው ግን ሠንጠረዡ ሳይሆን ኮዱ ነው። «ሰበርኩ»፣ «ሰበርን»፣ «ሰበረች» የሚሉት ቃላት በማዕዘን ቅንፎችና በላቲን ፊደላት መካከል ተበታትነው ይታዩ ነበር። ተማሪ ይህን አይቶ ምን ይማራል?

ለዚህ ነው ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ድረስ መጥተን የተሰበሰብነው። የፕሮጀክት ኃላፊያችሁ በዚያን ቀን ጥሩ አድርጎ እንዳስረዳን መመስከር አለብኝ። ሪማርክ የተባለው ፕሮግራም የመምህሩን ጽሑፍ አንብቦ የአገባብ ዛፍ፣ ማለትም የጽሑፉን ክፍሎች እንደ ግንድና ቅርንጫፍ የሚያያይዝ መዋቅር፣ ያደርገዋል፤ ያ ዛፍ ወደ ኤችቲኤምኤል ዛፍ ይዛወራል፤ በመጨረሻም ሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ የተባለው የጃቫስክሪፕት ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ዛፉን ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ተከትሎ አሳሹ የሚያነበው የኤችቲኤምኤል ጽሑፍ አድርጎ ያወጣዋል። በእኛ ገጽ ላይ መካከለኛው ደረጃ መምህሩ የጻፈውን ጥሬ ኤችቲኤምኤል እንዲያሳልፍ ተፈቅዶለታል፤ የመጨረሻው ግን አልተፈቀደለትም። ሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ ሳይፈቀድለት ጥሬ ቁራጭ ሲያገኝ ለጥንቃቄ ሲል ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ኮዱ በገጹ ላይ እንዳለ የታየው በዚህ ምክንያት ነው አለን። ገባን።

ከዚያ ቀጥሎ መፍትሔውን ሳለው። ከመጨረሻው ሳጥን በፊት ሁለት ሳጥኖች ጨመረ። የመጀመሪያው ሪሃይፕ ሮው ነው፤ ጥሬውን ቁራጭ አንብቦ በዛፉ ውስጥ እውነተኛ ሠንጠረዥ፣ እውነተኛ ረድፍና ሕዋስ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሪሃይፕ ሳኒታይዝ ነው፤ ከተፈቀዱት ክፍሎችና ባሕርያት ውጭ ያለውን ሁሉ ከዛፉ ያስወግዳል። ይህንን ሁለተኛውን ሳጥን በቀይ ብዕር ከበበውና ከሥሩ በአማርኛ «ማጽጃ» ብሎ ጻፈበት። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባም አስጠነቀቀን፤ ማጽጃው ከሪሃይፕ ሮው ቢቀድም ጥሬውን ቁራጭ ምንም ሳያስቀር ስለሚጥለው ሠንጠረዦቹ ጨርሶ ይጠፋሉ አለ። «ሰኞ ጠዋት ሁለቱም በቦታቸው ገብተው ታገኟቸዋላችሁ» ብሎ ብዕሩን ከደነ። ሰሌዳውን በስልኬ ፎቶግራፍ አንሥቻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ሰኞ ሠንጠረዦቹ ወጡ። ደስ አለን፤ ለመምህራኑም ነገርናቸው። እኔ ግን ማጽጃውን ማየት ፈለግሁ። በሙከራ ትምህርት ውስጥ የሌለ ፋይል የሚጠራ የሥዕል ምልክት አስገብቼ፣ ሥዕሉ ሳይገኝ ሲቀር አንዲት አጭር የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ እንድትሠራ አደረግሁ። ማጽጃው ቢኖር ኖሮ ያቺን ትእዛዝ ነቅሎ ይጥላት ነበር። ገጹን ስከፍተው ከእርባታው ሠንጠረዥ በላይ የመልእክት ሳጥን ብቅ አለ። በውላችን መሠረት የእኛ ንብረት የሆነውን ኮድ ከፍተን ስናይ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ ላይ አደገኛ ኤችቲኤምኤል እንዲያልፍ የሚፈቅደው ምርጫ በርቷል። ሪሃይፕ ሮው የለም። ሪሃይፕ ሳኒታይዝ የለም። አጥሩን አፍርሶ በር ሠራሁላችሁ እንደማለት ነው።

ሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ የተሰጠውን ዛፍ ይጽፋል እንጂ ክፉና ደጉን አይለይም። የፕለጊኑ መመሪያ ራሱ ዛፉ የማይታመን ከሆነ ገጹ ለጥቃት እንደሚጋለጥ ገልጾ ሪሃይፕ ሳኒታይዝን ተጠቀሙ ይላል። ወደ እኛ ገጽ በመምህርነት የተመዘገበ ሁሉ ጽሑፍ ይልካል፤ እያንዳንዱን ጽሑፍ ደግሞ አርታኢዎቻችን በራሳቸው መለያ ገብተው ይከፍቱታል። አንድ ተንኮለኛ የሚያስገባው ትእዛዝ በአርታኢዋ ስም የፈለገውን ሊያደርግ፣ የተማሪዎችንና የመምህራንን ስምና ስልክ ሊያወጣ ይችላል። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተጠያቂ የምንሆነው ደግሞ መረጃውን የሰበሰብነው እኛ ነን።

ይህን ይዤ ነው ወደ ቢሯችሁ የመጣሁት። የፕሮጀክት ኃላፊው ከሊፍቱ ሲወርድ አገኘሁት። ሰላምታ ሰጥቼ ማጽጃው ለምን እንዳልገባ ጠየቅሁት። ሌሎች ደንበኞች ተቀምጠው በሚሰሙበት ቦታ፣ በዕድሜ እናቱ የምሆነውን ሴት አንቺ እያለ፣ «ሠንጠረዡ ይታይ አልሽ፣ ታየ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ሙያ ነው። ኮድ ማንበብ ከጀመርሽ ራስሽ ጨርሺው» አለኝ። ፎቶግራፉን አውጥቼ በቀይ የከበበውን ሳጥን አሳየሁት። ስልኬን እንኳ በወጉ ሳያይ «ይሄ ለማስረዳት የተሳለ ሥዕል ነው፤ ውል አይደለም» ብሎኝ ወጣ። እንግዳ ተቀባይዋ አንገቷን ደፋች። እሷን አልወቅሳትም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሥዕሉ ውል አይደለም ከተባለ ውሉን እናንብብ። «ከመምህራን የሚገባ ጽሑፍ ደኅንነቱ ተጠብቆ ይታተማል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከእናንተ ፊርማ በላይ ይገኛል። የጠየቅሁት ደግሞ ወራት የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ሁለት ፕለጊኖችን ጭኖ በሰንሰለቱ ላይ በትክክለኛው ቦታ ማስገባት ነው። የማጽጃው መነሻ ዝርዝር ሠንጠረዦችንም ሆነ የሕዋስ ማዋሐጃዎችን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የእርባታ ሠንጠረዦቻችን አይነኩም። ያልተሠራው ከባድ ሆኖ ሳይሆን እኛ አናስተውልም ተብሎ እንደሆነ ይሰማኛል። ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ።

ይህን ከጻፍኩ ዘንድ ከዚህ ቀደም በትዕግሥት ያለፍኳቸውንም ላንሣ። ባለፈው ክረምት ገጾቹ በድንገት ከበዱ። ባለሙያዎቻችሁ ከሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ በኋላ የራሳቸውን ማጣሪያ ጨምረው እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ወደ ቁጥር ቀይረውት ኖሯል። በዩቲኤፍ-8፣ ፊደሎች በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ሥርዓት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ «ሰ» ግን &#4656; ተብላ ስትጻፍ ሰባት ባይት ትወስዳለች። ፕለጊኑ ሳይነካ ቢተው ከተራ ጽሑፍ ውስጥ የሚቀይረው < እና & የተባሉትን ምልክቶች ብቻ ነው፤ ፊደሎቻችንን እንዳሉ ያወጣቸዋል። ተማሪዎቻችን በሞባይል ዳታ ነው የሚያነቡት፤ የከፈሉትም እነሱ ናቸው። ይህንንም ያስተካከላችሁት ከብዙ ውትወታ በኋላ ነው።

ትምህርቶቹን በኢፐብ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አድርገን ስናወጣም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞናል። ገጹ እንዲቀል ብላችሁ ሪሃይፕ ስትሪንጊፋይ አማራጭ መዝጊያዎችን፣ ባይጻፉም የሚታለፉትን የክፍል ማብቂያ ምልክቶች፣ እንዲተው አደረጋችሁ፤ የአንቀጽና የዝርዝር መዝጊያዎች ጠፉ። ለአሳሽ ይህ ችግር የለውም። ኢፐብ ግን ኤክስኤችቲኤምኤል የተባለውን ጥብቅ የኤችቲኤምኤል ዓይነት ስለሚፈልግ እያንዳንዱ ክፍል መዘጋት አለበት፤ መጽሐፉም በፍተሻ ወደቀ። የተሰጠን ምላሽ በራሳቸው የሚዘጉ ምልክቶች ላይ እዝባር (/) የሚጨምረውን ምርጫ ማብራት ነበር፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ያ ምርጫ የጠፋ የአንቀጽ መዝጊያ አይመልስም። ለኢፐብ ዛፉን ወደ ኤክስኤምኤል በሚያወጣ ሌላ መሣሪያ ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

በዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይ «የፕለጊን ፈቃድ ክፍያ» ተብሎ የተመዘገበው መስመርም አለ። ሪሃይፕ ስትሪንጊፋይም ሆነ ከላይ የጠቀስኳቸው ሌሎቹ ፕለጊኖች በኤምአይቲ ፈቃድ ለማንም በነጻ የተለቀቁ ናቸው። ለጉልበታችሁና ለዕውቀታችሁ መክፈል ተገቢ ነው፤ ከፍለናልም። ለማን እንደተከፈለ የማይታወቅ የፈቃድ ገንዘብ ግን ደረሰኙ ይቅረብልን፤ ከሌለ ይመለስልን።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት አደገኛ ኤችቲኤምኤል የሚያሳልፈው ምርጫ እንዲጠፋ እጠይቃለሁ። ሠንጠረዦቹ ለጊዜው ተበላሽተው ቢታዩ እንመርጣለን። በሚቀጥሉት አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሪሃይፕ ሮውና ሪሃይፕ ሳኒታይዝ በሰሌዳው ላይ በተሳለው ቅደም ተከተል ገብተው፣ እኔ ባለሁበት በዚያው የሥዕል ምልክት ተፈትነው ልረከባቸው። የፕሮጀክት ኃላፊው በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ የሰደበኝ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም ለመሥሪያ ቤታችን በደብዳቤ ይድረስ። ከዚህ በኋላም የእኛን ሥራ ሌላ ባለሙያ ይያዝልን። እነዚህ እስኪፈጸሙ የቀጣዩ ሩብ ዓመት የጥገና ክፍያ ተይዞ ይቆያል።

በቀኑ ገደብ ካልተፈጸመ ሙሉ ኮዱን ከነታሪኩ አስረክባችሁን ውሉ እንዲፈርስ እናደርጋለን፤ ማጽጃውንም ሌላ ባለሙያ ተክሎት ወጪውን ከእናንተ እንጠይቃለን። ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቅጂውም ማኅተም ተደርጎበት እንዲመለስልኝ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት መጻሕፍት ዋና አዘጋጅ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

አባሪ፡ የነጭ ሰሌዳው ፎቶግራፍ፣ የሙከራ ገጹ ምስል፣ የዋጋ ማቅረቢያው ቅጂ
ግልባጭ፡ ለሕግ አማካሪያችን፣ ለሒሳብ ክፍል